ዜሮ ነጥብ ስምንት

ሐሙስ ነው፤ ሂርማታ ገበያው ይቆማል፣
የእኔ ዲኤክስ ግን በሦስት እግር ያዘግማል።
ትናንት ከአጋሮ ስመለስ፣ ዳገቱ ላይ፣ በዝናቡ፣
አስነጠሰ፣ ተርገፈገፈ፣ ተቆራረጠ ልቡ፤
ስድስት ሰው ጭኛለሁ፣ አንድ ጆንያ ዝንጅብል፤
አንዲት እናት ከኋላ «ወራጅ አለ» ስትል፣
«ገና አልደረስንም» አልኳት።
«መኪናህ ደርሷል ልጄ፤ እኔ በእግሬ ልቀጥል።»

በጠዋት አጂፕ ወረድኩ፣ መለዋወጫ ሱቅ ገባሁ፤
«ካንዴላ» ብዬ ብጠይቅ ሦስት ዓይነት ባንኮኒው ላይ አየሁ፦
አንዱ ወርቃማ ካርቶን፣ ፊደሉ የተዛነፈ፣
አንዱ ካርቶን የሌለው፣ በፌስታል የታቀፈ፣
አንዱ ዋጋው ብቻውን ኪሴን የገረፈ።
«ሁሉም ኦሪጅናል ነው» ሻጩ ማለ ለሦስቱም፤
መሐላው እኩል ነበር፣ አላዳላም ለአንዱም።

ለአባ ፊጣ ደወልኩ።
«ጥርሱን ከአሮጌው ጋር አጋጥመህ እይ» አለ፣
«ፒስተኑ ይጠልዘዋል ትርፍ ጥርስ ካለ።
ነጩን ሸክላ በጥፍርህ ዳብስ፣ ስንጥቅ ካገኘህ ተወው፤
ለአጋሮ ዳገት ደግሞ ቶሎ የሚግለውን አትየው፤
ሙቀት የሚጥለውን ውሰድ።»
«በምን ልወቀው?»
«ቁጥሩን አንብብ ሙራድ፣ ብረቱ ላይ ያለውን፤
ካርቶኑንማ ማንም ያትማል።»

ውዱን ገዛሁ።
የሳምንት ምሳዬን ቆጥሬ ሰጠሁ።

ከአወይቱ ድልድይ ማዶ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣
አባ ፊጣ ይጠብቃል፣ አያበዛም ንግግር፤
የተቀመጠበትን በርጩማ በመዳፉ መታ፦
«ሦስት እግር የሚያምረው በዚህ ነው» አለና ኮፈኑን ፈታ።

አራቱን ነቅሎ ጨርቅ ላይ ደረደረ፣
ምላስ እንደሚያይ ሐኪም አንድ በአንድ መረመረ፦
«ይሄ ቡናማ፣ ጤነኛ። ይሄም። ይሄም አይከፋም።»
አራተኛው ጥቁር ነው፣ እርጥብ፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚል።
«ሌባህ ይሄ ነው፤ ይጠጣል እንጂ አይሠራም።»

ከደረት ኪሱ ስፔሲሜትሮ አወጣ፣ ቅጠሎቹን ገለጠ፤
«ዓይኔ ዳምኗል፣ ቁጥሩን ጥራልኝ» ብሎ ሰጠ።
«ዜሮ ነጥብ ስምንት።»
«እሱ ነው። ይሄ በጠፋ ዘመን
እንለካ ነበር ስምንት ምላጭ ደርበን፤
ጢማችንም ያድግ ነበር።»

ቆልማማዋን ብረት በበርጩማው ጠርዝ ቀስ ብሎ ነካት፣
ቅጠሉን አስገባ፣ ሳበ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ደግሞ ነካት።
«ሲጎተት ያዝ ያድርገው እንጂ አንቆ አያስቀረው፤
ከጠበበ ብልጭታው ሰነፍ ነው፣
ከሰፋ መዝለሉ ነው የሚቸግረው።»

«እንደ ሰው ነዋ» አልኩ፤ «እንደ ባልና...»
«እንደ ካንዴላ ነው» አለኝ፤ «ጥርሱን ጥረግና ና።»

የመጨረሻውን ለእኔ ተወው።
ለካሁ፤ ቅጠሉ ያለፈ መሰለኝ፤ «ልክ ነው» ብዬ ቸኮልኩ፣
ልጅ ሳለሁ ፈተና ላይ እንደማደርገው፣ ሳልከልስ አስረከብኩ።
እሱ በባዶ ጣቱ አስገባው፣ እስኪቆም አዞረው፣
ከዚያ በቁልፉ ሩብ ዙር።
«ቴስታታው አልሙኒየም ነው፤ ጉልበት አይወድም።»

ሞተሩ ተነሣ።
ለእኔ ጆሮ ሰላም ነው። እሱ ግን አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣
መዳፉን ፓራፋንጎው ላይ አኑሮ፣
የሩቅ ሰው ስልክ እንደሚሰማ ቆየ።
«የአንተው ሰፍቷል» አለ። «በአንድ ምላጭ...
አይ፣ በሁለት።»

ነቀልነው፤ ጣቴን ፈጀኝ። ለካሁት፦
አንድ ነጥብ ዜሮ።
ዓይኔ ዳምኗል ያለኝ ሰው ቀና ብሎም አላየኝ፤
ያኔ ገባኝ፣ ቁጥሩን ለምን እንዳስጠራኝ።

ሒሳብ ስሰጠው የሦስቱን ወስዶ የአራተኛውን መለሰ፦
«እሱ የራስህ ሥራ ነው።»

ጥቁሩን ካንዴላ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጥኩት።
ዛሬ ዳገቱን ስንወጣ ወዲያና ወዲህ ይንከባለላል፣
መስታወቱን ቂው ያደርጋል፤
ከኋላ አንዱ «ምንድን ነው የሚጮኸው?» ይላል።
ሞተሩ ዝም ብሏልና
ይሰማል።